ከኩታይሲ የተላከ መልስ

ዳግኒ፣ ደብዳቤሽ ከትሮንድሄም ደረሰኝ፣ ከነሥዕሉ፤
አሥራ አንድ ነጥቦች፣ አሥራ አንድ አገሮች፣ ቁልቁል የተሳሉ፤
አሥሩ ከመስመሩ ወደ ግራ ቆመው «ይሠራል» እያሉ፣
የእኛዋ ብቻዋን ወደ ቀኝ አፈንግጣ፣
ከቤት ተኳርፋ እንደ ወጣች ልጅ ደጅ ላይ ተቀምጣ።

ትጠይቂኛለሽ፦ «ክኒኑ ያው ክኒን፣
ሮሳርዮ የሠራ፣ ኦሳካ የሠራ፣
ኩታይሲ ሲደርስ ምን አየና ፈራ?»

ምን ብዬ ልመልስ? ደም ነው ልበልሽ ወይ? ጉበት ነው? ዘር ነው?
ጨው ነው? (እኛ ለክረምት ጎመኑን፣ ቲማቲሙን ሁሉ
በጨው ነው የምንቀብረው፤ ማሰሮ ሙሉ፣ ምድር ቤት ሙሉ።)
ወይስ በየጓሮው የሚጠመቀው ወይን?
ወይስ ዘግይቶ የሚያይ የሐኪሞች ዐይን?
ወይስ እንዲያው ዕጣ? አሥራ አንድ ሳንቲም ብትወረውሪ፣
አንዷ ተንከባላ ከአልጋ ሥር ብትገባ፣
«ከአልጋ ሥር ሕግ አለ» ብለሽ ልትመሰክሪ?

እሱን አንቺ ታውቂያለሽ።
እኔ የማውቀው ኦታርን ነው።

ኦታር ግቬኔታዜ፣ የሚኒባስ ሾፌር፣ ቁጥር ዜሮ አርባ ሰባት።
በየወሩ ይመጣል፣ ባዶ ብልቃጡን አጥቦ፤
ሃያ ስምንት ሰጥቼው፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር።
ደስ ብሎኝ ጻፍኩት፦ «መቶ በመቶ»።
(ሰው መቶ በመቶ ሆኖ አያውቅም፤
ያኔ ነበር ልብ ማለት፣ ልብ ስንቆጥር ልብ ሳልል ቀረሁ።)

በመጋቢት እቤቱ ሄድኩ፣ የሪዮኒ ወንዝ ሞልቶ፤
ጠረጴዛው ላይ የዳቦ ቢላዋ፣ ስለቱ ነጭ ዱቄት ነክቶ፤
ግማሽ ክኒን በአንድ ኩባያ፣ ግማሽ ክኒን በሌላ።
«ይኼኛው የናቴላ»
አለኝ፣ ዐይኑን ሳይሰብር፣ ወደ ግድግዳው እየጠቆመ፤
ጎረቤቱ ናት፣ ልቧ ከሱ ልብ ይልቅ የደከመ።
«ሰማንያ ሞልቷታል ብላችሁ መለሳችኋት።
እሺ፣ እናንተ ሕግ አላችሁ።
እኔ ግድግዳ አለኝ፤ ማታ ማታ ስታቃስት የሚያሰማኝ።»
«ዱቄት ብቻ ቢሆንስ?» አልኩት።
«እንግዲያው ዱቄት ተካፈልን።»

የላክሽልኝን ቅጽ ገለጥኩት፤
«ጎረቤት» የሚል ሣጥን የለውም።
ተመልሼ ጻፍኩ፦ «መቶ በመቶ»።

አውቃለሁ፣ አንድ ኦታር ነጥብ አይገፋም።
መቶ ሠላሳ ታማሚ ነበረኝ፤ የቀሩትን አልጠየቅኩም፤
ግን ኩታይሲ ውስጥ የዳቦ ቢላዋ የሌለው ቤት አላውቅም።

ኦታር በሚያዝያ ወደቀ፤ ዘጠኝ ቀን ተኛ እኛ ሆስፒታል፤
በዚያች በኩርፈኛዋ ነጥብሽ ውስጥ እሱም አንድ ተብሎ ይቆጠራል።
ናቴላ ግን፣ የትም ያልተጻፈችው፣
ዛሬ ጠዋት ደረጃውን ወጥታ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
አንዴ ብቻ አርፋ፣
በጨው የከረመ ጎመን በማሰሮ አመጣችልኝ።

ጨዋማ ነው።
ይህን ስጽፍልሽ ጨረስኩት።

ላማራ፣ ነርስ