እጁ የእሱ ነው

ጌንት፣ ትራሙ ዞሮ ከሚመለስበት፣
ድሮ ጥጥ ሲፈተል ከኖረበት ቤት፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ወንበሩ ተገፍቶ
ወለሉ ይጠብቃል፣ ሰም ሰም ሸትቶ።
ሾፌሩ ባውደዌይን የመኪናውን ምላስ ዘርግቶ
ስምንት ባለ ጎማ ወንበር ያወርዳል፣ ሰዓቱን አይቶ።
ኾደሊቭ በእግሯ ናት፤ ግድግዳ ግድግዳውን ትዞራለች፣
ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች፤ መቆም አታውቅም፣ ትሄዳለች።
ሁለቱ ጉንጫቸውን ለወለሉ ሰጥተው
ከበሮን በአጥንት ይሰማሉ፣ ተኝተው።

እኔ ከሊቨን ጎን ነኝ።
የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ መዝገቡ ከእሱ የሚከብድ፤
"አይናገርም። በአፉ አይመገብም።" እያለ የሚወርድ፣
እስከ መጨረሻው ገጽ፦
"ቀኝ እጅ። ሌባ ጣት። አልፎ አልፎ።"
ማን ይሆን ይችን የጻፈ፣ ያን ሁሉ "አይ" አልፎ?

አነሊን ሰላምታን በዜማ ታደርሳለች፤
ከእያንዳንዱ ፊት በርከክ ትላለች፤
"ሊ... ቨን" ብላ ትዘፍንና ትጠብቃለች።
ትጠብቃለች።
ትጠብቃለች።

በሦስተኛው ሳምንት አላስቻለኝም።
ከበሮው ጭኑ ላይ፣ የሰው ዓይን እኛ ላይ፤
ዝምታው ሲረዝም፣ ድግስ ቤት ሳህን የሰበርኩ ይመስል ላቤ ሲታይ፣
እጁን አነሣሁና መታሁበት፦ ዷ!
ደገምኩ፦ ዷ! ዷ!
ተጨበጨበ።
ሊቨን ዓይኑን ጨፈነ፤ እስኪመሽ አልገለጠም፤
እጁም እጄ ውስጥ፣ እንደ ሰው ጓንት፣ አልሞቀም።

አነሊን ባለ ቀለሙን ጨርቅ ስታጥፍ ጠጋ ብላ
"እጁ የእሱ ነው" አለችኝ። ይኸው ነው፤ አልጨመረችም ሌላ።

ሌሊት አሰብኩት።
እኔ ባደግኩበት፣ በሰርግ በመልስ፣ የተቀመጠን ሰው ጎትቶ፣
"አትኩራ!" ብሎ ማስጨፈር ፍቅር ነው፣ ትከሻውን ገፍቶ።
አጎቴን ይርዳውን ሦስት ሆነን ጎትተን መሐል አቁመነው ነበር፤
የሳቁት ሁሉ ትዝ ይሉኛል፤
እሱ ምን እንዳለን ግን አላስታውስም።

ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ጀመርኩ።
መጠበቅ ሥራ ነው፤ ወገብ ይቆርጣል።
ኅዳር ዘነበ፣ ታኅሣሥ ዘነበ፤
ዝም ስል የማልሰማው ሁሉ ተሰበሰበ፦
የምግብ ማሽኑ ጢቅ ጢቅታ፣
የመስኮቱ ብርጭቆ ትራም ሲያልፍ መንቀጥቀጡ፣
የሊቨን ትንፋሽ፣ ከጉሮሮው በር ላይ የሚቸገር፣
ሽማግሌው ኤሜም አኮርዲዮኑን በዚያው ትንፋሽ ልክ ሲከፍት፣ ሲዘጋ።
ጣቲቱ ግን፣ ምንም።
አንዳንድ ማክሰኞ፣ አልዋሽም፣ ስለ ቤት ኪራይ አስብ ነበር።

አንድ ቀን፣ የስንብቱ ዜማ አብቅቶ፣
ጨርቁ ታጥፎ፣ አኮርዲዮኑ ሣጥኑ ገብቶ፣
ባውደዌይን ከውጭ ጡሩምባውን ነፍቶ፣
የሊቨንን ቀበቶ ልቆልፍ ስጎነበስ፣
ዷ።

ትንሽ። በጥፍር።
በር አንኳኩቶ ራሱ እንደ ደነገጠ ሰው።

ኾደሊቭ ቆመች።
ኤሜ በሚያመው ጉልበቱ ተንበርክኮ ሣጥኑን ከፈተ፤
አንዲት ድምፅ አወጣ። ብቻዋን።
ጡሩምባው ደግሞ ጮኸ።
ጠበቅን። አልቆጠርኩም።
ዷ።
አንዲት ድምፅ።
ጠበቅን።
ዷ።

እንዲህ ያለ ዜማ ሰምቼ አላውቅም፤ በሁለት ምት መሐል ሻይ ይፈላል፤
ዮሪስ አንገቱን ዘንበል ያደርጋል፣ የፊን ክርን ከወንበሩ ይነሣል፣
ገና ያልተነሡት ሁለቱ ጉንጫቸውን ወደ ወለሉ ይመልሳሉ፤
እኔ ተጎንብሼ እንደ ቀረሁ ነኝ፣ ቀበቶው በእጄ ተንጠልጥሏል።

ባውደዌይን ገባ፣ እየተነጫነጨ፣
የቁልፉን ቀለበት እያንቀጫቀጨ፤
ደፉ ላይ ቆመ።
አየ።
ከዚያ ቁልፎቹን፣ አንዱም እንዳይጮህ ጨብጦ፣
በቀስታ ኪሱ ከተተ።

ማታ መዝገቡን ገለጥኩ።
"አልፎ አልፎ" የሚለውን አልሰረዝኩም።
ከጎኑ ብቻ
"ሲፈልግ" ብዬ ጻፍኩ።