ቀዳዳ የሌለው ቁልፍ

ደሴ ላይ ጉም ወርዶ ጦሳን ሲጠቀልል፣
ሰው ሰውን አያይም፤ «ማነህ?» ይባባላል።
ስሙን ይናገራል እንጂ ዝም የሚል የለም፣
በዚያ ነጭ ጨለማ ዝምታ መልክ የለውም።

ሸዋ በር ነው ሱቁ፣ የጋሽ እብሬ ይማም፤
አርባ ዓመት ሲሰፉ ዓይናቸው አልቆየም።
መኪናውን ልጃቸው ጦይባ ትረግጣለች፤
እሳቸው ቁልፍ ሲተክሉ ክር ታስገባለች፤
ባለ ሁለት ቀዳዳውን ከባለ አራት ለይተው፣
ቀንዱን ከፕላስቲኩ በጣት ዳስሰው አይተው።

እኔ ደግሞ ሌላ ቁልፍ ነው የምሠራ፣
መስታወት ውስጥ ያለ፣ ሲነኩት የሚያበራ፤
ክብ፣ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ጥላ ያለው፣
ሦስት ሌሊት ሙሉ ቀለም ያማረጥኩለት ነው።

«ጋሽ እብሬ፣ ይሄው፣ የገንዘብ መላኪያ፤
ለክር ነጋዴው ይክፈሉ፣ ሳይሄዱ ገበያ።»
ስልኩን ወደ ጆሮ አስጠግተው፣ ጣታቸውን ጎተቱ።
ውስጥ ያለችው ድምፅ፦

ምስል።
ምስል።
ስም የሌለው ምስል።

«የቱ ነው መላኪያው?»
«አረንጓዴው» አልኩኝ፤
ወዲያው አፌን ያዝኩት፣ መሬት በዋጠኝ።

ሳቁ። ከጣሳቸው አንድ ነገር አውጥተው
መዳፌ ላይ ጣሉት፤ ክብ ነው፣ ድፍን ነው።
«በል ይህን ትከለው።»
«ቀዳዳ የለውም።»
«እንግዲያ ጌጥ ነዋ፤ ቁልፍ አይባልም።»

ያን ሌሊት ሆጤ ላይ፣ ክፍሌን ዘግቼ፣
ከሥዕሉ ጀርባ ቃል ጻፍኩ አምሽቼ፤
ስሙን፣ ሥራውንም፣ አንድም አልደበቅኩም፣
መብራት መጥፋቱን፣ ቁልፍ መሆኑንም።
ዳር ዳሩን አሰፋሁ፣ ጣት እንዳይሰናከል፤
ባዶውን ጌጥ ሁሉ «አንተ» አልኩት «ዝም በል።»

በማግስቱ ስልኩ «ላክ ቁልፍ፣ ቁልፍ» አለ።
«ምነው፣ መንታ ነው እንዴ?» ሱቁ በሳቅ ዋለ።
ስልኩ ራሱ «ቁልፍ» ማለቱን ረስቼ፣
እኔም ደግሜዋለሁ ከስሙ አስገብቼ።
«‹አንዋር ሰው› እያለ ማን ጠርቶህ ያውቃል?
ስሙን አንዴ በለው፤ ለሱም ይበቃዋል።»

ሰረዝኩት። ሁለቴ መታ መታ አደረጉ።
የክሩ ዋጋ ኮምቦልቻ ወረደ።
«ደረሰ?» ሳይሉኝ፣
ድምጿ ቀድማኝ ነገረቻቸው።

ልወጣ ስነሳ ኮቴን ከደረቴ ያዙ፣
ቁልቁል ዳሰሱና፣ «ሦስተኛው የት አለ?»

አላየሁም ነበር። ስንት ቀን ሆኖት ይሆን?
ጉሙ በር ላይ ቆሟል።
ጦይባ ክር አስገባች።