ሃያ ስምንተኛው ቀን

ቤር ሼቫ፣ ከዩኒቨርሲቲው ምድር ቤት፣ ባንዱ ክፍል፣
ሲሚንቶ ያበስላሉ፤ ሊሰብሩት ነው ሲበስል።
እኔ ጠራጊው ነኝ። ማታ ማታ እመጣለሁ፤
ቀን የሰባበሩትን በአካፋ አነሣለሁ።

ድሮ፣ በለሳ ሳለሁ፣ ምርጊተኛ ነበርሁ፤
የስንቱን ሰው ግድግዳ በእግሬ አቡክቼ አቆምሁ።
ጭድ ያልገባው ጭቃ ፀሐይ ሲያየው ይስቃል፤
አፉን ይከፍት ይከፍትና፣ በክረምቱ ያልቃል።
ጭድ ነሥቶ ጡብ ቁጠሩ ያለን ንጉሥ ነበር፤
ጭቃ አቡክቶ አያውቅም፣
ወይም ያውቅ ነበር።

ኖጋ ትባላለች፣ ሌሊት የምትሠራው ልጅ፤
ከአራቫ የመጣ የተምር ቃጫ ስትበጥስ በእጅ፣
ደረቁን ሊጥ ውስጥ ነስንሳ ስታሽከረክር፣
ድመት የተፋችው መስሎ ወጣ፣ ድብልብል ጠጕር።
«ውሃዬን ጠጣብኝ!» ብላ ባልዲውን ረገጠች።
«ቀድመሽ ስላላጠጣሽው ነዋ» አልኋት፤ ቀና አለች።

ነከርነው። አደረ። ሊጡ ውስጥ ሰተት ብሎ ገባ።
ኮራሁ፤ አልዋሽም።
ግን ሲሚንቶ ጭቃ አይደለም።
ጭቃ ጭዱን ያቅፋል፤ ሲሚንቶ ቀስ ብሎ ይበላል።
በስድስተኛው ወር ስንሰብረው፣ ቃጫው በነበረበት
ባዶ ቀዳዳ ብቻ፣ ምስጥ እንደሄደበት።

ዝም ብዬ ጠረግሁ።
ያን ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ሰፈር ስመለስ
የልጅ ልጄ ደወለ፤ በአማርኛ ብጠይቀው፣ በዕብራይስጥ ነው መልስ።

ደግሞ በሌላው ሳምንት አመድ ይዛ መጣች፣ በከረጢት፤
«የሲሚንቶው ቁጣ ይበርዳል» አለች፣ «ሲገባበት»።
አመድ በዱቄት ሲስቅ ነው እኔ የማውቀው፤
ጠላት ሲያስታርቅ ግን ገና ማየቴ ነው።

ሃያ ስምንተኛው ቀን። ብረቱ ወረደ፣ ተጫነ፣ ተጫነ፤
ጧ! የሚለውን ጠበቅሁ፣ መጥረጊያዬን ይዤ።
አልመጣም።
ስንጥቅ ብቅ አለ፣ ከሆዱ ሥር፣ ቀጭን፤
ከውስጡ ቃጫዎቹ፣ እንደ ክራር ጅማት ተወጥረው፣
ሁለቱን ወገን ያዙ፣ አንለቅም ብለው።
ተሰነጠቀ እንጂ አልወደቀም።
ኖጋ ቁጥሩን ጻፈች። ከዚያ እንደገና ጻፈች፣ እጇ ተንቀጥቅጦ።

ቁራጩን ልጥለው ስል «ውሰደው» አለችኝ።
አሁን በረንዳዬ ላይ ነው፤ የኔጌቭ ነፋስ ሲነሣ
በሩን ይይዝልኛል።
የልጅ ልጄ ቅዳሜ መጥቶ፣ ከስንጥቁ የወጣውን ክር
በጥፍሩ ይዞ ጎተተ፣ ጎተተ፣ አልወጣ አለው።
«ማ ዜ?» አለኝ።
«ቃጫ» አልሁት።
«ካቻ» አለ።
ለዛሬ ይበቃል።