ዋስ ጥራ

ሰዓቴ ይሮጣል፤
በቀን ሃያ ደቂቃ ከሰፈሩ ይቀድማል።
የሐበሻ ቀጠሮ ስሙ በሚነሣበት
እኔ ብቻ ቀድሜ ቆሜ ተገኘሁበት፤
ሰርግ ብጠራ፣ ወንበር ገና ይደረደራል፣
ሙሽራው በካናቴራ ሸሚዙን ይተኩሳል።
ሚስቴ ያየሽ ሳቀች፦ «ሃያ ዓመት ለምኜህ
እኔን እምቢ ብለህ፣ ብረት አረመህ?»

ብረት አትበይ ያየሽ፤ የሰባት ዓመት ሌሊት፣
በሬሖቮት ሆስፒታል አልጋ የገፋሁበት፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ተኝቶ የወለደው፣
ባትሪ የማይለምን፣ በሞላ የሚሄደው።
ልጆቼ «ስልክህስ?» ብለው ይስቁብኛል፤
ስልክ ሰዓት ይነግራል፤ ይኼ ግን ይተነፍሳል።

ወረቀቱን ይዤ ቴል አቪቭ ሄድኩኝ፣
መስታወቱ በር ላይ ዘበኛው ፈተሸኝ።
ሦስተኛ ፎቅ። ምንጣፉ እግር ይውጣል።
ሊሮን የምትባል፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀች፣
እንደ አራስ ልጅ አቅፋ ሰዓቴን ተቀበለች።
«አምስት ዓመት ዋስትና አለው» አልኳት።
«አሕራዩት» አለችና ቁጥር ሰጠችኝ።

በአባቴ አገር ዋስ ማለት ሰው ነበር፣ ባለ ስም።
ዳኛው «ዋስ ጥራ!» ሲል፣ ዛፉ ሥር ከተቀመጡት
አንዱ አቧራውን አራግፎ «እኔ አለሁ» ይላል።
ዋስ ከጠፋ፣ ከሳሽና ተከሳሽ
ጋቢ ለጋቢ ተቋጥረው ቁራኛ ያድራሉ።

እኔና ወረቀቴም ቁራኛ ሆነን ከረምን።
ሰዓቴ ስዊዘርላንድ ሄደ፤ እኔ ያላየሁትን
አገር አየ። ፋሲካ አለፈ፣ ብርቱካኑ አበባውን ጣለ፤
አንጓዬ ላይ ፀሐይ ያልነካው ነጭ ክብ ቀረ።
በደወልኩ ቁጥር ሙዚቃ፤
ሙዚቃውን በቃሌ አጠናሁ።

በአምስተኛው ወር ሰዓቱ ሞላ፤ ደብዳቤ መጣ፦
«ሞላው መግነጢስ ገብቶበታል። የባለቤቱ ጥፋት ነው።
ዋስትናው አይሸፍንም።
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሸቀል።»

የባለቤቱ ጥፋት።
አወቅኩት፤ ቀኑን ሳይቀር አወቅኩት።
አንዲት እናት ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን የማያውቁ፣
ዕብራይስጥ አንድ ቃል የሌላቸው፤
ወደ ማግኔቱ ክፍል ስገፋቸው
የእጄን አንጓ ከነሰዓቴ ጨምድደው ያዙ።
«ልጄ፣ ከዚህ ዋሻ እወጣለሁ? ዋስ ትሆነኛለህ?»
ሕጉን አውቃለሁ፤ ሰዓት የሚፈታው ከበሩ በፊት ነው፤
ግን ያንን እጅ አላቅቄ ማሰሪያ መፍታት አቃተኝ።
«ዋስዎ ነኝ» አልኩ፣ እስከ ደፉ አደረስኳቸው።
ነርሷ ጮኸችብኝ።
ፀጉር የሚያህለው ሞላ እዚያ ነው የተለከፈው።
እሳቸው ወጡ። «አልዋሸኸኝም» አሉ።
ይህን ለሊሮን በየትኛው ቅጽ ልሙላው?

አልከፈልኩም። ሰዓቴን መለሱልኝ፣
አንድ አዲስ ጭረት ጨምረው።

ሬሖቮት ገበያ፣ ከዓሣ ሻጩ ጎን፣
ቁም ሣጥን በሚያህል ሱቅ ውስጥ
ፒንሓሶቭ የሚሉት ቡኻራዊ አለ፣
አንድ ዓይኑ ላይ አጉሊ መስታወት ሰክቶ የሚውል።
ኮምፓስ አስጠጋ፤ ቀስቱ እንደ ሰካራም ተንገዳገደ።
«ኧህ» አለ። ከመሳቢያው ሰማያዊ ሣጥን አወጣ፣
ሰዓቴን አስቀመጠ፣ ቁልፍ ተጫነ፤
አሥር ቆጠርኩ።
አለቀ።
«ስንት ነው?»
«ለምኑ?»
«ዋስትናስ አለው?» ብለው፣ ቀና ሳይል፦
«እኔ እስካለሁ።»
«ዕድሜህስ?»
«ሰማንያ ሁለት።»
ሁለታችንም ሳቅን፤ ዓሣ ሻጩም፣ ምን እንደሆነ ሳይሰማ።

አሁን ሰዓቴ ልክ ነው።
ትናንት የያየሽ እኅት ልጇን ስትድር፣
እኛ ስንደርስ ሰው በልቶ እጁን ታጥቦ ነበር።