አምስት እልፍ

ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ኖቬምበር በባተበት ሌሊት፣
ዊኒፔግ፣ ከመሬት በታች፣ የፓርኪንጉ መስታወት ቤት፣
ማሞቂያው እግሬን እያነደደ፣ ትከሻዬን እየረሳ፣
የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ጻፍኳት፦
"እልፍነሽ በሩን ከፈተች።"
ቆጠርኩ። ሦስት ቃል ሆነች።
ቀሪ፦ አርባ ዘጠኝ ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ሰባት።

ጉድ ውስጥ የከተተችኝ ዶሪን ናት፣ የሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ሹም፤
"ማሰብ የለም፣" አለች፣ "ወደ ኋላ ዞሮ ማረምም የለም፤
ሠላሳ ቀን፣ ሃምሳ ሺህ ቃል። እጅ ከሄደ ልብ ይከተላል።"
እኔ በሆዴ ሰፈርኩት፤ በድሮው ቁጥር ዐሥሩ ሺህ እልፍ ይባላል፤
አምስት እልፍ ማለት ጦር ነው፣ ክተት የሚታወጅበት፣
እኔ ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ ሁለት ቁልፉ የወለቀበት።
ምነው ወሩ ጳጉሜን በሆነ! አምስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ እልፍ፤
ወይ ይጥለኛል ወይ እጥለዋለሁ፣ ቶሎ ገብቶ ቶሎ ማለፍ።

ረቡዕ ማታ እንሰበሰባለን፤ ሰላምታችን "ስንት ደረስክ?" ነው።
ፍሪዘን፣ ጡረተኛው ባቡር ነጂ፣ ዘንዶ በሐዲድ የሚያስኬደው፣
"በቀን ሁለት ሺህ" ይላል፣ ብስኩቱን እያኘከ።
ጃስሊን፣ ነርስነት የምትማረው፣ በየምዕራፉ ሰው የምትገድለው፣
ቀና ሳትል፣ "ሁለት ሺህ አራት መቶ።"
እኔ ስድስት መቶ።
ጫማዬን አያለሁ።

ነገሩ የተገለጠልኝ በስድስተኛው ቀን ነው።
"ስላላስጠበቀችኝ" ብዬ ጽፌ ነበር፤ አንድ ቃል።
ትርጉሙን ለጃስሊን በእንግሊዝኛ ነገርኳት፤
በጣቷ ቆጠረች፣ አንድ እጅ አልበቃት፣ "ሰባት" አለች።
ሰባት!
እኔ በአንድ አገልግል ጠፍሬ ያመጣሁትን
እነሱ በሰባት ሳህን ያቀርቡታል።
ሌሊቱን ሰይጣን መጣብኝ፦ "ስለ" ን ለብቻ፣ "አል" ን ለብቻ፣
እንደ ዶሮ ብልት አውጣለት፤ ማን ያይብሃል፣ ቁጠረው ብቻ።
ቢላዬን አነሣሁ። ግሡ ዐይኑን ጨፈነ።
ተውኩት።

እልፍነሽን በከተማው አውቶቡስ መሥሪያ ቤት
የጠፉ ዕቃዎች ክፍል ነበር የቀጠርኳት፤
ነጠላ ጓንት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ አንድ ቀን አኮርዲዮን፣
ባለቤት የረሳው ሁሉ እሷ ዘንድ የሚያድርበት።
የምታፈቅረው ሾፌር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጨዋ፣ ጺሙን የተላጨ።
ምዕራፍ አራት ላይ አበባ ይዞ ገባ።
መዘገበችው። ቁጥር ለጠፈችበት።
ከነአበባው፣ ከጃንጥላዎቹ አጠገብ አስቀመጠችው።

"ማን ናት ይህች እልፍነሽ?" አለችኝ ምንትዋብ፣ ሚስቴ፤
በእንቅልፌ ጠርቻት ኖሯል።
"ሠራተኛዬ ናት።"
"አንተንስ ማን ቀጠረህ?"
ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

ኅዳር ዐሥራ ሁለት። ኅዳር የሚታጠንበት፣
ውጭው ከዜሮ በታች ሃያ ሦስት፣
ጥራጊ ተቃጥሎ በሽታ በጢስ የሚሸኝበት።
እዚህ ክብሪት ብጭር ጣሪያው ውሃ ያዘንብብኛል።
ጥራጊዬን ፈለግኩ፤ ሞልቷል፦
ስለ በረዶ ዐሥራ አንድ ገጽ፣
የሾፌሩ እናት ምክር፣
"ከዚያም በኋላ እንደገና ደግሞ" እያልኩ ያራባሁት፣
በድምሩ ዘጠኝ ሺህ ቃል።
ዶሪን ይቅር በይኝ፤
ዲሊት የምትለዋን ቁልፍ ተጫንኳት።
ጢሱ ሸተተኝ።

በመጨረሻው ሌሊት ሃያ ስድስት ሺህ ላይ ነበርኩ፤
ለስድስት ሰዓት ዐሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር
አንድ ፒክአፕ ከመስኮቴ ሥር ቆመ፤ ትኬቱ ጠፍቶበታል፤
ከኋላ ወንበር ሕፃን ታለቅሳለች።
"የጠፋ ትኬት የሙሉ ቀን ሒሳብ ነው" እላለሁ፣ ስድስት ዓመት ብያለሁ።
እልፍነሽ ብትሆን ምን ታደርጋለች?
ብረቱን አነሣሁለት። "እልፍ በል፣" አልኩት፣ በአማርኛ።
ገባው መሰለኝ፤ መብራቱን ብልጭ አደረገልኝ።

ወደ ስክሪኑ ስመለስ እሷ ተነሥታ ነበር፤
አኮርዲዮኑን አንግታ፣ የክፍሉን መብራት አጥፍታ፣
ሾፌሩን እዚያው መደርደሪያው ላይ ትታ።
የት ነው አላልኳትም። ሰዓቱም አለፈ።

"ስንት ደረስክ?" አለችኝ ዶሪን በማግስቱ።
"እልፍ ብላለች፣" አልኩ፤
በእንግሊዝኛ ስንት ቃል እንደሚሆን አላውቅም።