ሁለት ባላ

ባቱሚ ላይ ዝናብ መጣል ከጀመረ ወር አልፎታል፤
ሱቄ ከደረጃው ሥር ነው፣ ግድግዳው ወርዝቷል፤
ጃንጥላ የሌለው ሁሉ ሊጠለል ጎራ ይላል፣
አንዳንዱ የሞተ ኮምፒውተር በብብቱ ይዞ ይመጣል።

ኤተሪና ቫዣ ግን ጠባቸውን ይዘው ገቡ፣
በዱቄት ከረጢት የተጠቀለለ ላፕቶፕ ከነገመዱ።
«ሌሊቱን ሲነካካው አደረ!»
«ባልነካካው ይብስ ነበረ!
ማሻሻያ ልጫን ያለው ያንቺ ዊንዶውስ አይደለም ወይ?»
«እሺ ያልከው አንተ አይደለህ ወይ?»

አስነሣሁት።
ጥቁር።
ከላይ በግራ ጥግ አንዲት ነጭ ሰረዝ፣
ብልጭ፣ ጥፍት፣
የማንን ቤት እንደሚጠይቅ እንደጠፋው እንግዳ።
ግራብ የሚሉት በረኛ ስሙን ጽፏል፣
«ነፍስ አድን» የሚል ቃል አስከትሏል፣
ከዚያ ዝም ብሏል።

ሁለት ባላ ትከል፣
አንዱ ሲነቀል በአንዱ ተንጠልጠል፤
የእነዚህ ባላዎች ግን በአንድ ጉድጓድ ቆመው፣
አንድ እጅ ቢነካቸው ሁለቱም ወደቁ ተያይዘው።

«አትደንግጡ» አልኳቸው፣ «ቤቱ አልተቃጠለም፤
በረኛው ነው እንጂ ሌላ የጠፋ የለም።»
ፍላሽ ሰክቼ በእሱ አስነሣሁት፤
ዲስኩን እንደ ሊጥ ከፍለውታል፣ እኩል ለእኩል፣ ለሁለት።

የእሷ ግማሽ ሂሳብ ነው፤
ዱቄት፣ ጨው፣ የጋዝ ዕዳ፣
በየቀኑ ግርጌ ደግሞ አንድ መስመር በቀይ፦
ሁለት ዳቦ ጎድሏል።
ሁለት ዳቦ ጎድሏል።
ፋሲካም ሳይቀር ሁለት ዳቦ ጎድሏል።

የእሱ ግማሽ መዝገብ ነው፣ የባሕሩ ዳር ውሾች መዝገብ፣
ጆሯቸው ላይ በተሰካው በቢጫው ቁጥር የሚነበብ፦
412፣ የኋላ እግሩን ያነክሳል፤ ግማሽ በላ።
077፣ ወልዳለች፤ አንድ ተኩል ወሰደች።
ደመርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው፤
ከሊኑክሱ በኩል የዊንዶውሱ ግቢ ወለል ብሎ ይታያል፤
ከዊንዶውሱ በኩል ግን የሊኑክሱ ቤት ጠፍ መሬት ይመስላል።
ቫዣ ያን ቀይ መስመር አይቶት ያውቅ እንደሆን አልጠየቅኩም።

«እኔን እኮ» አለች ኤተሪ፣ ሻርፗን እየጨመቀች፣
«በከፈትኩት ቁጥር አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤
ይህ ዲስክ አይነበብም፣ ላጥፋው? ይለኛል።»
«እና?»
«አይ እለዋለሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ አይ እለዋለሁ።
ምን እንዳለበት እንጃ። የእሱ ነው፣ ያን አውቃለሁ።»
ቫዣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ጠብታ መቁጠር ያዘ።

እኔም ዝም አልኩ። ዲስክ ጠጋኝ ያያል፣
ያየውን ከብሎኖቹ ጋር መልሶ ያጠብቃል።

በረኛውን ዳግም ቀጠርኩት፣ በሩን አሳየሁት፣
የሁለቱን ስም አስጠናሁት፣ ከወረፋው ፊት አቆምኩት።
ሰዓቱም ተዛንፏል፣ ድፍን አራት ሰዓት፤
የማዘርቦርዱን ሰዓት አንዱ የባቱሚ ነው ይላል፣ ሌላው የግሪንዊች፤
ሰዎቹም እንዲያው ናቸው፤
እሱ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ምድጃ ያነዳል፣
እሷ ንጋት አሥራ ሁለት ላይ የሱቁን መዝጊያ ታነሣለች።
የማሽኑን በአንዲት መስመር ትእዛዝ አስታረቅኩት።

«ማን ይቅደም?» አልኩ። «ዝርዝሩ ሲመጣ፣ ካልመረጣችሁ፣ ማን ይነሣ?»
ጸጥ። ለመጀመሪያ ጊዜ።
«የእሷ ይሁን፣ ሂሳብ አለባት።»
«የእሱ ይሁን እንጂ፣ ቀድሞ የሚነሣ እሱ!»
«የእሷ አልኩ!» «የእሱ ነው ያልኩት!»
ይኸው ጠቡ ተመለሰ፣ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ።
እኔም አንዲት ቃል ቀየርኩ፦
መጨረሻ የተመረጠውን አስታውስ።
አሥር ሰከንድም ጨመርኩ፣ እጅ ላይ ሊጥ ያለበት ሰው አይቸኩልምና።

ገንዘብ አነሳቸው። ኤተሪ ከቦርሳዋ
ሁለት ዳቦ አውጥታ ከኪቦርዱ አጠገብ አኖረች።
ቫዣ ዳቦውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ፤
እኔ ስክሪኑን ወለወልኩ፣ ንጹሑን ስክሪን።

ዛሬ ማታ መዝገቧ
አራት ዳቦ ጎድሏል ይላል።