መቀናጆ

ቦራ ቅዳሜ ተሸጠ፤
አባቴ ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ፣ ምራቁን ዋጠ።
ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ከየጁቤ ወጣን፤
የጮቄ ጉም ሳይገፈፍ፣ ማርቆስ መናኸሪያ መጣን፤
እሱ ዱላውን ይዞ፣ እኔ የውጤት ወረቀት፣
ብሩ በፌስታል ታስሮ በሸሚዙ ደረት።

«ኮሌጅ እንዴት ይመረጣል?» ብዬ ብጠይቀው፣
«በሬ የገዛ ሰው፣» አለ፣ «ምኑ ይቸግረው?
ደላላው ሲያሞጋግስ፣ አንቺ አፉን ክፈቺ፤
ቀንዱ በቅቤ ካበራ፣ ሰኮናውን ተመልከቺ።»

የመጀመሪያው ፎቅ ነበር፣ መስተዋቱ የሚያንጸባርቅ፤
በሩ ላይ ባነር፣ ካባ የለበሰች፣ ለማንም የምትሥቅ።
ሬጅስትራሩ ጫማችንን አይቶ ዋጋውን ጠራ፤
በሁለት ሴሚስተር አለቀ፣ ከነቀንዱ ቦራ።
«ቤተ ሙከራውን ልየው፣» አለ አባቴ በትሕትና።
«ቁልፍ የያዘው ሰውዬ መስክ ወጥቷልና...»
በመስኮት አጮለቅን፤ ማይክሮስኮፑ ተደርድሯል፣
ከነላስቲኩ፣ ከነአቧራው፣ እንደ ሙሽራ ተሸፍኗል።
አባቴ ወደ ጆሮዬ፦ «ይሄ በሬ አርሶ አያውቅም፤
እንሂድ፤ ላማረ ቀንድ ብቻ ቦራን አልሰጥም።»

ሁለተኛው ርካሽ ነበር። ርካሽ ብቻም አይደለም፣
ሳይማሩ መመረቅ ነው፤ ከከፈሉ ችግር የለም።
ጸሐፊዋ ማስቲካ እያኘከች፦ «መምጣት እንኳ አይጠበቅብሽ፤
ለፈተና ብቅ በዪ፤ ዲፕሎማው ይደርሳል እቤትሽ።»
እውነቱን ልናገር? ልቤ ለአፍታ ከዳኝ፤
ካባ ለብሼ ስመለስ፣ ሰፈሩ ሲያጅበኝ ታየኝ።
«አንቺስ ብትታመሚ፣» አላት አባቴ፣ «ከዚህ የወጣ ይመርምርሽ ወይ?»
ማኘኳን አቆመች፤ ቀና አለች፣ ወደ ጣሪያው ላይ።

ቀትር ላይ ቆሎ ቆረጠምን፣ ካንድ አጥር ጥላ፤
እኔ እግሬን አሸሁ፤ እሱ ተደገፈ፣ የማይደገፈውን ዱላ።

ሦስተኛው ከቆርቆሮ መሸጫ በላይ ነው፤ ደረጃው ይጮኻል፤
አንድ መምህር፣ ኮቱ ጠመኔ የጠጣ፣ ቆሞ ያስተምራል።
የምሳ ሰዓት አልፏል፤ ከወንበሩ የተነሣ የለ፤
አንዷ «አልገባኝም» አለችው፤ «እሰይ! እንደገና» አለ።
ማይክሮስኮፕ አራት ብቻ፤ አንዱ እግሩ በሽቦ ታስሮ፣
የማያው ጠርዝ ቀለሙ በዓይን ብዛት ተሸርሽሮ፤
በእያንዳንዱ ሁለት ተማሪ፣ ትከሻ ለትከሻ፤
አንዱ ሲያይ አንዱ ይጽፋል፣ እየተቀያየሩ እስከ መጨረሻ።

አባቴ ፈገግ አለ፣ ከጠዋት ጀምሮ ገና አሁን፤
«ይሄንንማ አውቃለሁ፣» አለኝ፣ «መቀናጆ መሆኑን።»

እኔም ደፍሬ ጠየቅሁ፦ «ስንቱ ነው የብቃት ምዘናውን ያለፈ?»
ዲኑ «ሁሉም አይደለም» ብሎ፣ የወደቁትንም ስም ዘረገፈ።
ርካሽ ነው አልልም፤ ግማሹን ግን፣ ጤፋችን እስኪወቃ፣
ሊታገሡን ፈረሙ። አባቴ «በቃ» አለ፤ በቃ።
ፌስታሉን ሲፈታ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፤ ያላየሁ መሰልኩ፤
ደረሰኙን አጥፌ ከውጤቴ ጋር ከተትኩ።

ሲመሽ ቤት ደረስን። ዳልቻ ብቻውን ቆሟል፤
ዞር እያለ የጎደለውን ጎኑን ያሸታል።
አባቴ ዱላውን ሳያስቀምጥ ወደ ፈንቴ ቤት አለፈ፤ እሱም አንድ በሬ ነው ያለው፤
«ዘንድሮ እንቀናጅ» ሊለው።

እኔ የማላውቃትን አሰብኩ፣ ከጎኔ የምትቀመጠውን፤
ከየት ትመጣ ይሆን? ለሷስ ምን ተሸጦላት ይሆን?